ማሲንቆ የሚጫወት ቤተሰብ ለምን ኮንሰርት አዳራሽ አይደርስም?

ሰባት ወንድምና እህት ናቸው። ኢሳታ፣ ብሬማ፣ ሼኩ፣ ኮንያ፣ ጄኔባ፣ አሚናታ እና ማሪያቱ። ያደጉት ኖቲንግሃም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። የእናታቸው ዘር ከሴራሊዮንና ከዌልስ፣ የአባታቸው ደግሞ ከካሪቢያኗ አንቲጓ ይመዘዛል። ሰባቱም ክላሲካል ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ፒያኖ። የካኔ ሜሰን ቤተሰብ ይባላሉ። ምናልባት ሳታውቋቸው አይታችኋቸዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ልዑል ሃሪና ሜጋን ሲጋቡ ቼሎ የተጫወተው ልጅ ሼኩ ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ቤት ተዘግቶባቸው ከዚያው ከሳሎናቸው ሙዚቃ በቀጥታ ያስተላልፉ ነበር።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲገጥመን የምንለው ነገር አንድ ነው፦ እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤተሰብ መቼ ይፈጠር ይሆን?

እኔ ደግሞ ቤተሰቡ አለ እላለሁ። ድሮም ነበረ። ከደብረ ታቦር ተነስታችሁ ወደ ጋይንት ውጡ፣ ወደ እስቴ ዙሩ፣ ወደ ፎገራ ውረዱ። ሠርግ ካለ አዝማሪ አለ። አዝማሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ባል ማሲንቆ ይመታል፣ ሚስት ታዜማለች፣ ልጅ ከጎን ሆኖ ይቀበላል። አባቱም አዝማሪ ነበር፣ አያቱም። የጎደለው ቤተሰቡ አይደለም። የጎደለው ከቤቱ እስከ መድረኩ ያለው መንገድ ነው። ይህን የምለው ለማስተዛዘን ወይም "እኛም አለን" ለማለት አይደለም፤ መንገዱ የት የት ላይ እንደተቆረጠ በግልጽ ስለሚታይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንፍታ። ቻምበር ሙዚቃ የሚባለው ያ ሰማንያ ሰው የሚደረደርበት ትልቅ ኦርኬስትራ አይደለም። ቻምበር ክፍል ማለት ነው፣ የቤት ክፍል። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰው ሆኖ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻውን ይዞ፣ ፊት ቆሞ ዘንግ የሚያወዛውዝ መሪ ሳይኖር፣ እርስ በርስ እየተያዩና እየተደማመጡ የሚጫወቱት ነው። አውሮፓ ውስጥ ድሮ በመኳንንት ቤት ለጥቂት እንግዳ ይቀርብ የነበረ ሙዚቃ ነው፤ አዳራሽ የገባው ኋላ ነው።

አሁን ይህን መግለጫ ይዛችሁ አንድ ጠጅ ቤት ግቡ። ጠባብ ክፍል። ሁለት ወይም ሦስት ሙዚቀኛ። መሪ የለም። ባል ዜማውን ሲያዘገይ ሚስት በዓይን ገብቷት ትከተለዋለች። መሀል ላይ አንዱ እንግዳ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ሰከንድ ሳይፈጅ ከዜማው ጋር አስማምቶ ይመልስለታል። ይህን የኖቲንግሃም ልጆች አይሠሩትም። የእነሱ ሙዚቃ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው፤ በራሱ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሌላ ችሎታ ነው። የኔ ነጥብ ማን ይበልጣል አይደለም። ዓይነቱ አንድ መሆኑን ነው የምለው፦ ትንሽ ክፍል፣ ትንሽ ቡድን፣ ብዙ ዓመት አብሮ ከመኖር የመጣ መግባባት።

መሣሪያውንም እዩት። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ከፈረስ ጭራ የተገመደ። ሳጥኑ እንጨት ነው፣ በቆዳ የተወጠረ። ጣት ጅማቱን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፣ በአየር ላይ እንዳለ ነው የሚነካው። የት ቦታ ሲነካ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ የሚነግር ምልክት የለም። የሚነግረው ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ በኮርስ አይመጣም፤ ከልጅነት ጀምሮ እቤት ውስጥ ሌሊትና ቀን ሲሰሙ ማደግ ይጠይቃል። ለዚህ ነው የአዝማሪ ሙያ የቤተሰብ ሙያ የሆነው። በእርግጥ ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱ ደስ አይልም፦ ከአዝማሪ ጋር ጋብቻ የማይፈልግ ሰው ብዙ ነበር፤ ዛሬም አለ። ስለዚህ እርስ በርስ ተጋቡ፣ ለራሳቸው ብቻ የሚገባ የሙያ ቋንቋ ሳይቀር አበጁ። ሠርጋችንን ያደምቁልናል፣ ልጃችንን ግን አንሰጣቸውም። "አዝማሪ" የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ሲወረወር ያልሰማ የአገሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ኖቲንግሃም እንመለስ። የካኔ ሜሰን ልጆች ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ቤተሰቡ ነው፤ ስለ እናትና አባት ብርታት፣ ስለ ዲሲፕሊን። እውነት ነው፣ እናትየዋ ካዲያቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ድካሙን በዝርዝር ጽፋዋለች። ግን ከጀርባ ያለውን መሰላል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

የተማሩት መንግሥት በሚደጉመው ትምህርት ቤት ነው። ሼኩ ገና በዘጠኝ ዓመቱ ለንደን የሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የልጆች ክፍል ውስጥ ስኮላርሺፕ አገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኖቲንግሃም ለንደን በባቡር እየሄዱ ተማሩ። ቅዳሜ ብቻ! ሰኞ ወደ ተራ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። ታላቅየዋ ኢሳታ አካዳሚው ውስጥ ስትማር በዘፋኙ በኤልተን ጆን ስም የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ አግኝታ ነው። ከዚያ ውድድር አለ፦ ሼኩ እ.ኤ.አ. በ2016 በ17 ዓመቱ የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር አሸነፈ፤ ውድድሩ በ1978 ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር አሸናፊ ሆነ። ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ቲኬት ቆርጦ፣ ወንበር ይዞ፣ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አለ።

ቤተሰቡ ራሱ ይህን በደንብ ያውቃል። ሼኩ ስመ ጥር ከሆነ በኋላ ለቀድሞ ትምህርት ቤቱ 3,000 ፓውንድ የሰጠው ተማሪዎች የቼሎ ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ ነው። እነሱም አገር የሙዚቃ በጀት እየተቆረጠ ነው፤ ካኔ ሜሰኖች በየቃለ መጠይቁ የሚጮሁት በዚህ ነው። የቤተሰብ ብርታት ብቻውን ይበቃል ብለው አያስቡም።

እንግዲህ መሰላሉን ወደ እኛ አምጡትና ደብረ ታቦር ላይ አቁሙት። የቅዳሜው ባቡር የቱ ነው? ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ600 በላይ። ስኮላርሺፑ የቱ ነው? ውድድሩ? ቲኬት ቆርጦ የሚሰማውስ ሰው?

አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት አለን፣ ያሬድ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ነው። ማሲንቆም ክራርም በገናም ዋሽንትም ያስተምራል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ በሩ ላይ ነው። ለዲግሪ የሚገባ ሰው እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ12ኛ ክፍል ፈተና በኩል ማለፍ አለበት። ፈተናውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፦ በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ሪሚዲያል የሚባል ማካካሻ አለ፣ እሺ። ግን አስቡት፤ ሌሊት ሌሊት ከአባቱ ጋር ሠርግ ላይ ሲጫወት የሚያድር ልጅ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ፣ በማሲንቆ አሥር ዓመት የሠራ ልጅ፣ ማሲንቆ ለመማር በሒሳብና በእንግሊዝኛ መፈተን አለበት። እጁ ላይ ያለውን የሚጠይቀው የለም። (ዲግሪ የሌለኝ ሰው ስለ ዲግሪ ሳወራ የምታፌዙ ካላችሁ ይሁን፣ ግን ነገሩን ከውጭ የቆመ ሰው ይበልጥ ያየዋል።)

እንዲህ ስል "መንግሥት ለሙዚቃ ገንዘብ አውጥቶ አያውቅም" የሚል ሰው ይኖራል። ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። ልጆቹ የማርሽ ባንድ ነበሩ። አመጧቸው፣ ደመወዝ ተቆረጠላቸው፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሮ መጣ። "አርባ ልጆች" የምንላቸው እነሱ ናቸው። ኬቮርክ የንግሥናውን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ኋላ የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን መጥቶ የአዲስ አበባን ኦርኬስትራዎች አሠለጠነ። አጎትና የወንድም ልጅ። እነሆ የሙዚቃ ቤተሰብ፣ መንግሥት ደመወዝና መሣሪያ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ። ዘመናዊ የምንለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ግማሹ መሠረት ከዚያ ነው።

ባለውለታዎች ናቸው፣ በዚህ ጥያቄ የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ በዚያው ዘመን የጎንደር አዝማሪ ልጅ ምን ተሰጠው? ጣሊያን እንኳ ከኛ የተሻለ ክብደት ሰጥቶታል ብል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ እንዲታደኑና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መሀል አዝማሪዎች ነበሩበት። ግጥማቸው ሕዝብ እንደሚያነሣ ስለገባው ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንደኛው ቤተሰብ ነው። ደቡብ ጎንደር ሌላም የሙዚቃ ቤት አላት፣ ይሄኛው በደም ሳይሆን በየኔታ የሚወረስ ነው። የቤተክርስቲያን ዜማ ትምህርት ማለቴ ነው። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ሰው የሚሄደው ጋይንት ውስጥ ወዳለችው ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ። ደብረ ታቦር ደግሞ በአቋቋም ስሟ ይጠራል። አንድ ዞን ውስጥ! ሌላ አገር ቢሆን ይሄ ሦስት ኮንሰርቫቶሪ ተብሎ በካርታ ላይ ይለጠፍ ነበር።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ ሥርዓቱን እዩት። ሦስት የዜማ ስልት አለ፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ከፊደል በላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክት አለ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያለ ይቀጥላል። ከአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ትውፊቱ አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ያነሣል። በጽሑፍ የተያዘ ሙዚቃ፣ የዓመታት ሥልጠና፣ የምስክርነት ፈተና። ክላሲካል ከዚህ ሌላ ምንድነው?

ልጁ ግን የሚማረው እየለመነ ነው። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ይዞራል፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ ጎጆው ውስጥ ይበርደዋል። የጉና ብርድ ቀልድ አይደለም። ሲመሰክር ደግሞ በቤተክርስቲያን ይከበራል፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ቀጣሪው መሥሪያ ቤት "ስንተኛ ክፍል ነህ?" ይለዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የአዝማሪው ልጅ ይሸለማል ግን ይናቃል። የቆሎ ተማሪው ይከበራል ግን ይራባል። ሁለቱም አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ሙዚቃ ይማራሉ። ሁለቱንም መንግሥት ሲቆጥራቸው "ያልተማረ" ናቸው።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት አሉ፣ ሁለቱንም ዓለም ያዩ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ብዙዎቻችሁ ፒያኗቸውን ከሆነ አጭር ቪዲዮ ጀርባ ሰምታችሁታል፣ የማን እንደሆነ ሳታውቁ። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ስንዱ ገብሩ ማለት ኋላ ደራሲ፣ ከዚያም በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ናቸው። ታናሽየዋ እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ያዙ። የመጀመሪያ የቫዮሊን ዝግጅታቸውን ለሰው ያቀረቡት በአሥር ዓመታቸው ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ካኔ ሜሰኖች ከመወለዳቸው ስልሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ቤተሰቡ በጣሊያን ተግዞ ጣሊያን አገር ታሰረ። ነፃነት ሲመለስ ካይሮ ሄደው በኮንቶሮቪች በሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ስር ተማሩ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ አራቱን ቫዮሊን አምስቱን ፒያኖ። ቀጥሎ ለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል አገኙ። አዎ፣ ያው የኖቲንግሃም ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር የሚሄዱበት አካዳሚ።

አልሄዱም። ከባለሥልጣናት ፈቃድ አላገኙም።

ይህ ነገር ለምን እንደሚከነክነኝ ልንገራችሁ። እማሆይ የደሀ ልጅ አይደሉም። የከንቲባ ልጅ ናቸው፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ቤተ መንግሥት የሚያውቃቸው። ተሰጥኦው አለ፣ ቤተሰቡ አለ፣ ሥልጠናው አለ፣ አካዳሚውም ተቀብሏቸዋል። መሰላሉ ላይ አንድ እርከን ስለጎደለ ብቻ ቀረ። ያኔ ምግብ እምቢ አሉ፣ ከቀናት በኋላ ከሞት ተርፈው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። የከንቲባ ልጅ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ የእስቴ አዝማሪ ልጅ ላይ ምን ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ከግሸን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ኖሩ፣ የያሬድን ዜማ ለማጥናት። ወደ ቤተክርስቲያን ሲመላለሱ በየመንገዱ የሚያገኟቸው እነዚያን የዜማ ተማሪዎች ነበር፤ ቀን ምግብ እየለመኑ፣ ማታ ደጅ የሚያድሩትን። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀረጹ፣ ለችግረኞች እንዲውል። ያ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ፒያኖ፣ ግማሽ አውሮፓ ግማሽ ያሬድ የሆነው፣ ከነዚያ ልጆች ጋር እንዲህ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤቲዮፒክስ በሚባለው የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣና ዓለም ሰማቸው፤ 80 ዓመት አልፏቸው ነበር። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እማሆይ ያዩአቸው ልጆች የት ደረሱ? ትምህርቱ እንደዚያው ነው። ልመናውም እንደዚያው። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

አሁን ደግሞ በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ገብቶ ደብረ ታቦር ደጅ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆኑ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ለኛ ርዕስ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የአዝማሪ ሥራ የሌሊትና የመንገድ ሥራ ነው። ሰዓት እላፊ ካለ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ ሠርግ በቀን ተጀምሮ በቀን ካለቀ ወይም ድምፅ ሳይሰማ ካለፈ፣ አዝማሪው ያልቅበታል። እርሻ ያለው በእርሻው ይቆያል። የአዝማሪ ማሳው ሰው ሲሰበሰብ ነው። የቆሎ ተማሪም የእግር መንገደኛ ነው፤ ከየኔታ ወደ የኔታ፣ ከደብር ወደ ደብር ካልሄደ ትምህርቱ አይሞላም። መንገዱ ሲፈራ እሱም ባለበት ይቆማል።

ልጁ ባለበት ሲቆም ደግሞ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የኖቲንግሃሙ ሙዚቃ ወረቀት ላይ አለ፤ አንድ ትውልድ ቢያልፈው ሌላው አንሥቶ ያነበዋል። የማሲንቆው የሚኖረው ግን አባት ልጁን ይዞ ሠርግ ሲሄድ ነው። አምስት ዓመት ሠርግ የሌለበት አካባቢ አምስት ዓመት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ለዚህኛው ግን ማካካሻ ክፍል የሚከፍት የለም።

"ቲክቶክ አለ አይደል?" ትሉኛላችሁ። አለ። ማሲንቆ ይዞ ላይቭ የሚገባ ልጅ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ላይቭ ላይ የሚሆነውን ተመልከቱ፦ ስም ጥራ፣ አወድስ፣ ስጦታ ተቀበል። ጠጅ ቤቱ ወደ ስልክ ገባ እንጂ አልተለወጠም፤ ሽልማቱ ከግንባር ወደ ስክሪን ተዛወረ። አድማጩ ያው የሚፎክር አድማጭ ነው። ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚሰማ፣ ቀድሞ የከፈለ፣ ስሙ ካልተጠራ የማይቀየም አድማጭ እስካሁን አልፈጠርንም። ኮንሰርት አዳራሽ ማለት እኮ ሕንፃው አይደለም፣ ይህ ስምምነት ነው።

ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር ከመጠየቄ በፊት ትንሹን ልጠይቅ። አንደኛ ነገር መግቢያው። ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ዲግሪ ባይሰጥ እንኳ፣ የሚጫወት ልጅ ሲጫወት ተሰምቶ የሚገባበት የሰርተፍኬት ወይም የክረምት ትምህርት መክፈት ይቻላል። እጅን ፈትኖ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም፣ ሼኩን በዘጠኝ ዓመቱ የተቀበሉት አጫውተው ሰምተው ነው። ቤተልሔምና ዙር አባም ለዘመናት የሚያስመሰክሩት አስዘምረው ሰምተው ነው! ከሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ፈተና፤ መሀል ላይ ያለነው እኛ ብቻ ነን በክበብ አጥቁር የምንለው።

ሁለተኛ፣ ርቀቱ። ልጁን ከጋይንት አዲስ አበባ ከማመላለስ መምህሩን ደብረ ታቦር ማምጣት ይረክሳል። ደግሞም መምህሩ ከሩቅ መምጣት የለበትም፣ እዚያው አለ፤ አባትየው ነው። የጎደለው አባትየውን መምህር ብሎ ቀጥሮ የሚከፍለው ነው። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ለአንድ ፌስቲቫል መድረክና ባነር የሚያወጡትን አስቡት። አዝማሪው በዚያ ቀን ይጫወታል፣ አበል ይፈርማል፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

ሦስተኛው በእኛ እጅ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ደብረ ታቦር፣ የከተማችን ስም ያለበት በዓል። ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን። ሠርግ ላይም እንዲሁ። ቪዲዮው ይለጠፋል፣ ሙሽሮቹ ታግ ይደረጋሉ፣ የዲኮር ድርጅቱ ታግ ይደረጋል፣ ፎቶግራፈሩ ታግ ይደረጋል። ማሲንቆ የሚመታው ሰውዬና የምታዜመው ሚስቱ ስም ግን የለም። ሄዳችሁ የራሳችሁን ቪዲዮዎች እዩ።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ሥር እንዲህ እናድርግ። ሠርግ ወይም በዓል ላይ የቀረጻችሁት የአዝማሪ ቤተሰብ ካለ፣ መጀመሪያ ራሳቸውን አስፈቅዱ፣ ስማቸውን በትክክል እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቋቸው፣ የት አካባቢ እንደሆኑና ማን እንዳስተማራቸው ጨምሩበት፣ ከዚያ በውስጥ መስመር ላኩልን። ሳይቆራረጥ፣ ሙሉውን። የመጀመሪያዎቹን አሥር ስንሰበስብ ከነስማቸው እንለጥፋቸዋለን። ሊያሠራቸው የሚፈልግ ሰው በቀጥታ እንዲያገኛቸው ደግሞ ስልካቸውን የምንሰጠው እነሱ ከፈቀዱ ብቻ ነው።